ደባርቅ ላይ ያላስወጣኋት ልጅ

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ዛሬም ቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለሰው አውርቼው ስለማላውቅ ልጽፈው ወሰንኩ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችንን አሠለጥናለሁ። ልጆቼ ቁመት ስለሌላቸው ሩጫ አስተማርኳቸው። ተጋጣሚ ኳሱን ከራሱ ቅርጫት ሥር ሲያስጀምር ሜዳውን በሙሉ እንይዛለን፤ ሁለቱ ኳስ የያዘችውን ጥግ ላይ ይከቧታል፣ ሦስቱ የምታቀብልበትን ይዘጉባታል። ፕሬስ እንለዋለን። ለአፍታ እንኳ ረገብ ማለት የለም።

ከፊት ሆና የምትመራው ሰላም የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ደባርቅ ለማጣሪያ ጨዋታ ስንጠራ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ የሆኑት አባቷ ሊልኳት አመነቱ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ልጅዎ በእኔ ኃላፊነት ናት ብዬ ለመንኳቸው። ፈቀዱ።

ሰባት ተጫዋች ይዘን ሄድን። አንዷን መንገድ ላይ ሲያስመልሳት ስለዋለ መጫወት አልቻለችም። ደባርቅ ከጎንደር ከፍ ያለ ነው፤ ብርዱና አየሩ ለእንግዳ ይከብዳል። በእረፍት ሰዓት ሰላም መጥታ ደረቷን እንደጨመቃት ነገረችኝ። ውኃ ጠጪ፣ አየሩን ስትለምጂው ይተውሻል አልኳት። የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ገባች።

ከእረፍት መልስ አንዷ ልጄ በአምስት ፋውል ወጣች። አምስት ብቻ ቀሩኝ።

መጨረሻው ሩብ ላይ በሁለት ነጥብ እየመራን ነበር። ያሸነፈ ወደ ክልል ውድድር ያልፋል። ሰላም ከንፈሯ ገርጥቷል፤ ኳስ በቆመ ቁጥር ጉልበቷን ይዛ ታጎነብሳለች። ፕሬሱን ባስቆም ረጃጅሞቹ የደባርቅ ልጆች ቅርጫት ሥር ይጨርሱናል። እሷን ባስወጣ የምተካው የለኝም። ርእሰ መምህሩ ውጤት ለመስማት ከጎንደር ደጋግመው ይደውላሉ። መላወሻ አጣሁ።

የምንጫወትበት ትምህርት ቤት ጥበቃ፣ አያ ይርጋ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከጎኔ ቆመው ያያሉ።

«ምነው መምህር፣ ይች ልጅ ትንፋሽ አጥሯታል እኮ» አሉኝ።

«አይቻለሁ። ተቀያሪ የለኝም።»

«በአራት መጫወት ክልክል ነው?»

ክልክል አልነበረም። ሕጉን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ኳስ ብቻ፣ ከዚያ አስወጣታለሁ አልኩ በልቤ።

ወዲያው ሰላም ኳስ ነጠቀች። ከፊቷ ማንም አልነበረም። ጥቂት እርምጃ ሮጠችና ኳሱን ለቅቃ መሃል ሜዳ ላይ ተንበረከከች፤ ከዚያ በጎኗ ወደቀች።

አያ ይርጋ ከእኔ ቀድመው ደረሱ። በጋቢያቸው ጠቅልለዋት በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኦክስጅን ተደረገላት። ሐኪሙ አስም እንዳለባት፣ ብርዱና ሩጫው እንደቀሰቀሰባት ነገረኝ። ትተርፋለች አለ።

ለአባቷ መደወል ነበረብኝ። ስልኬን እያወጣሁ ሁለት ጊዜ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። በመጨረሻ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው።

«መጀመሪያ አመመኝ ያለችዎት መቼ ነው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር።

«በእረፍት ሰዓት» አልኳቸው።

እየመጣሁ ነው ብለው ዘጉት።

እስኪደርሱ ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልሂድ ብል የት እሄዳለሁ? የቀሩት አራቱ ልጆች ጨዋታውን ጨርሰው፣ በሦስት ነጥብ ተሸንፈው መጡ። አያ ይርጋ አልተለዩኝም፤ አልወቀሱኝምም። አባቷ ገብተው ጨበጡኝ፤ ልጃቸውን ደግፈው ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለቡድናችን አልተጫወተችም።

ሰላም አሁን ተመርቃ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስታገኘኝ «ኮች» ብላ አቅፋ ትስመኛለች። ባለፈው ስለዚያ ቀን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ውጪ ቢሉኝም እኮ አልወጣም ነበር» አለችኝ እየሳቀች።

ይሆናል። ግን ውጪ አላልኳትም፤ ስለዚህ እውነቷን ይሁን ወይስ ጸጸቴን ልታቀልልኝ ብላ፣ አላውቅም።