ደመወዜን የጠየቀኝ ገበሬ

ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ተቀጥሬ ነው። ከዚያ በፊት ማንበብን ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በቴፒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ የእኔን ያህል ያገለገለ የለም። ከጌጫ እስከ ሸኮ በዚያ የተማረ ሁሉ አንድ ቀን «ድምፅህን ቀንስ» ያልኩት ልጅ ነው። ዛሬ ከእነሱ ውስጥ ሐኪሞች አሉ። ሕክምናውን እኔ አስተማርኳቸው አልልም፤ ዝም ብሎ መቀመጡን ግን የተማሩት ከእኔ ነው።

ደመወዜ ከዘበኛው ጋር እኩል ነበር። ለዘበኛው ግን ካፖርት ይሰጡታል።

ከሸኮ በኩል መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። መጻሕፍቱን ከእኔ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ነበረች። አንድ ቀን መጽሐፍ እየመለሰች፣

«ጋሼ፣ ኮሌጅ ስገባ የእርስዎን ሥራ ነው የምማረው» አለችኝ።

ጥሩ አስበሻል አልኳት። ስለ ደመወዝ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

የጠየቀኝ አባቷ ነው። በገበያ ቀን ቦቲ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ቡና ያለው ገበሬ ነው።

«መምህር፣ ልጄ እንደ እርስዎ ልሁን አለች። ስንት ይከፍሉዎታል?»

መምህር አለመሆኔን ትቼ ደመወዜን ነገርኩት።

«በሳምንት?»

«በወር።»

በጣቶቹ አሰላ። «የእኔ ቡና ለቃሚ በወቅቱ ከዚህ የተሻለ ያገኛል» አለ። «ዕድገትስ አለው?»

«ዕድገት አለው። ዲፕሎማ ላለው ነው።»

«እንግዲያው ትዳሩ ይሻላታል። ጀንፈል የሚገዛኝ ነጋዴ ጠይቋታል። ቡናው ሲሸጥ እንደግሳለን።»

ጀንፈል ማለት ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው፤ በዚያ አገር ሠርግ የሚደገሰው በእሱ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች፤ መጽሐፍ አልጠየቀችም።

«ጋሼ፣ አባቴን ምን አሉት?»

«ደመወዜን ነገርኩት።»

«ትንሽ ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?»

«ራሱን ያስተማረ ሰው አይዋሽም» አልኳት።

«ምነው አባቴ ያልተማረ ሰው በጠየቀ ኖሮ» ብላኝ ወጣች። መልሷ በደንብ ያነበበ ሰው መልስ ስለነበር ቅር አላለኝም።

በዚያ ዓመት የቡና ዋጋ ወደቀ። ገበሬው ሁሉ ጀንፈሉን ጎተራ ከቶ ተቀመጠ፤ ተክሉን ነቅሎ በቆሎ የዘራም ነበር። ነጋዴው ሠርጉ ለከርሞ ይሁን ብሎ ወደ ጅማ ሄደ። ልጅቷ ግን ፈተናዋን አለፈች፤ የኮሌጁ ምዝገባም ተቃረበ። አባቷ ተመልሶ መጣ። አሁንም ቦቲውን አወለቀ።

«መምህር፣ ደመወዝዎ ዘንድሮ ስንት ሆነ?»

«ያው ነው።»

«አልወረደም?»

«ወዴት ይወርዳል?»

«ዝናብ ሲበዛስ?»

«ይከፈላል።»

«ተማሪው ሁሉ ቡና ለቀማ ሄዶ ላይብረሪው ባዶ ሲሆንስ?»

«ያኔም ይከፈላል። እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ የማነበው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተማሪዎቹን አያቸው፤ አንዱም ቀና አላለም፤ አላስለመድኳቸውም።

«ከፍ የማይል ገንዘብ ብዙ አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዝቅ የማይል ግን አላየሁም።» «ነጋዴው ሌላ ሚስት ይፈልግ» ብሎ ተነሳ።

ልጅቷ ተምራ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ እዚያው ተመደበች፤ የላይብረሪው ኃላፊ ሆና ማለት ነው። ደመወዟ ከእኔም ከዘበኛውም በለጠ። የመጀመሪያ ትእዛዟ ተማሪው መጽሐፉን ከመደርደሪያው ራሱ ያንሳ የሚል ነበር። እኔ ከመደርደሪያው ክፍል በትንሽ መስኮት ነበር የማድለው። አልተስማማሁም፤ መጽሐፍ ይጠፋል አልኳት።

«ይጥፋ ጋሼ፤ የሚሰርቅ እኮ አንባቢ ነው» አለች።

መስኮቱን ዘጋሁ። የገዛ አለቃውን ያስተማረ ሠራተኛ በወረዳው ውስጥ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣ።