ለአልጋው የተለቀቀ ቦታ

ልብስ ሰፊዋ የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ ኖራ፣ የገዛ ክፍሏን መለካት የጀመረችው ወንድሟ ከወደቀ በኋላ ነው።

ታላቅ ወንድሟ የቤት ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ቁም ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ ስለሚወጣ ጓደኞቹ «ክሬኑ» ይሉታል። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ግራ ጎኑ ከዳው። ሚስትም ልጅም የለውምና እህቱ ከምትኖርባት አንዲት ክፍል አመጣችው። መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ሲከርም ጀርባው ቆሰለ። ሐኪሙም፣ «ራስጌው ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ካላገኘ ቁስሉ አይደርቅም» አላት።

አልጋው ተገኘ። ከመግዛቷ በፊት ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለካች።

«መጀመሪያ ደረጃውን ለኪ» አለ ወንድሟ በተኮላተፈ አንደበቱ። «ዕቃ የሚቀረው መታጠፊያ ላይ ነው። የበሩንም ከመቃን እስከ መቃን፤ ሳንቃው የሚይዘውን ቀንሺ።»

ደረጃው ያሳልፋል፤ በሩም ለጥቂት ያሳልፋል። ገብታ የአልጋውን ቅርጽ በስፌት ጠመኔዋ ወለሉ ላይ ሠራች። መስመሩ በልብስ ስፌት መኪናዋ እግሮች መሃል አለፈ። ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ መተላለፊያ ጠፋ። ወደ በሩ ሳበችው፤ በሩ አልከፈት አለ። አጥፍታ እንደገና ሠራች።

«አይገባም በያቸው ሻጮቹን» አላት።

«ይገባል።»

«እኔን ነው የምትዋሺው? መኪናሽ ካልወጣ አይገባም።»

«ይወጣላ!»

«እና ምን ልንበላ ነው?»

«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» አለች፤ ድምጿ ግን ራሷንም አላሳመናትም። በማግስቱ መኪናውን ገበያ ዳር የምትሰፋ ባልንጀራዋ አስጭና ወደ መስሪያዋ ወሰደችው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በሽተኛ ጥላ የትም ሄዳ መሥራት አትችልም።

አልጋውን ያመጡት የወንድሟ የሥራ ጓደኞች ናቸው። እስኪገባ ድረስ እሱን ደረጃው ጫፍ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጡት። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አልጋው ተቀረቀረ።

«አይ፣ ክሬኑ ቢኖር ኖሮ!» አለ አንዱ፤ ወዲያው ቀና ሲል ከእሱው ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ወንድሟ ከወንበሩ ላይ ተኮላትፎ አንድ ነገር ተናገረ።

«በጎኑ ይቁም፣ ራስጌው ይቅደም ይላል» አለች እህቱ ንግግሩን ተቀብላ። አልጋው እሺ ብሎ አለፈ።

ከዚያ እሱን አነሡት፤ አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ። «ቀስ! መቃኑን ተጠንቀቅ! ትንሽ ወደ ግራ!» እየተባባሉ አስገቡት። ለቁም ሳጥን የሚሉትን ነው ያሉት፤ ክፋት አልነበረባቸውም። እሱ ግን አልጋው ላይ እስኪያሳርፉት ዐይኑን አልገለጠም።

ቁስሉ ደረቀ፤ ግራ እጁ ግን አልተመለሰም። እህቱ አሁን ወንበር የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌላት አልጋው ግርጌ ተቀምጣ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። የቆዩ ደንበኞች ሲያንኳኩ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ለጊዜው አልሰፋም» ትላቸዋለች። «ለጊዜው» ያለችውን እሷም አታምነው፤ እነሱም ተመልሰው አይመጡ።