የአባባ ፕላስቲክ ወንበር

አያቴ፣ አባባ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን አመሻሽ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ ፕላስቲክ ወንበራቸውን ይሸከሙ ነበር። ከሰፈሩ አጠገብ ባለው ወንዝ ዳር መቀመጫ እያለ ለምን እንደሚሸከሙ የማውቀው እኔ ነኝ።

ቆሻሻ መጣያ ሆኖ የነበረውን ደረቅ ወንዝ ማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ ሊያደርገው ሲነሳ፣ አንዲት አርክቴክት ነዋሪውን ሰብስባ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀች። አባባ ተነሱ።

«መቀመጫው ክብ ይሁን። ሰው ፊት ለፊት ካልተያየ እንዴት ይጫወታል? የተጣላስ እንዴት ይታረቃል?»

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ፣ በዕብራይስጥ «አግዳሚ ወንበር ይፈልጋሉ» ብቻ አልኳት።

«ሁሉንም ነገርሻት?» አሉኝ።

«ኬን፣ አዎ አባባ፣ ሁሉንም።»

አግዳሚዎቹ በአንድ ረድፍ ተተከሉ። አባባ አልተቆጡም። በየቀኑ ወንበራቸውን ወስደው ከአግዳሚው ትይዩ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም እሳቸውን እያዩ ይጫወታሉ።

አባባ ሞተው የሰባቱ ቀን ሐዘን፣ ሺቫው፣ ሲያበቃ ወንበሩን ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው፣ ጨዋታ ትተው መንገዱን ያያሉ። ወንበሩን በቦታው አስቀመጥኩት።

«መልሺው ልጄ፤ ባዶውን ማየት አልቻልንም» አሉኝ አንደኛው። ከዚያም፣ «እሳቸውማ ክብ ይሁን ብለው ነግረዋቸው ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ናቸው ያልሰሟቸው» አሉ።

ወንበሩን አነሳሁ። አሁንም አልተናገርኩም።