የአውሮፕላን ጭስ ቀኖና

ዛሬ ቀየት በምትባል የገጠር ከተማ የንስሐ አባቴ በአንድ ጥያቄ ኩራቴን አበረዱት።

ባለፈው ወር ለስብሰባ ባንኮክ በርሬ ነበር። አውሮፕላኑ ላወጣው ጭስ ማካካሻ እንዲሆን በኢንተርኔት ከፈልኩ፤ የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ዛፍ ይተክልልኛል። ይህን በኩራት አጫወትኳቸው።

"ልጄ፣ ስገጂ ብልሽ ሰው ቀጥረሽ ታሰግጃለሽ?" አሉኝ።

(ስግደት የሚሸጥ ድረ ገጽ ቢኖር እገዛ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።)

"መክፈልሽ መልካም ነው፤ ያንቺ ላብ ግን የለበትም" ብለው ለቀኖና ሁለት የጽድ ችግኝ ሰጡኝ።

ዝናብ እየመታኝ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከልኩ፤ በግ እንዳይበላቸውም በእሾህ አጠርኩ። ይህን ስጽፍ ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ አለ።

ቀኖናዬ ገና አላለቀም፤ በየዓመቱ እየመጣሁ ችግኞቹን መንከባከብ አለብኝ።

"ስትመጪ ደግሞ ጭስ እንዳታበዢ በአውቶቡስ ነይ" ብለው እየሳቁ ሸኙኝ።

እናንተስ፣ ስለ በረራችሁ በገዛ እጃችሁ ምን ተክላችኋል?