እንደ ኸትም የተነበበው ልቦለድ

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ የእማን መጽሐፍ በቢላ የከፈልሽበትን ንገሪን» እያሉ ነዘነዙኝ። እሺ፣ እነግራለሁ፤ የምትጽፈው ትልቋ ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

ያኔ ከልጄ ጋር ዐረብ አገር፣ ኾበር ከተማ ዐቅረቢያ ሰፈር ነበርን። እሷ ሐኪም ቤት ነርስ ናት፤ ከፈረቃ መልስ እየጻፈች አንድ ልቦለድ ጨረሰች። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ሦስት ቅጂ አስቀድሞ ላከላትና «ሰው አንብቦ አስተያየቱን ይላክልኝ። ከምረቃው በፊት ወሬው ካልሞቀ ጥቂት ብቻ ነው የማትመው» አላት። ሁለቱን ለሥራ ባልደረቦቿ ሰጠች። እነሱም «እናነባለን» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ልጄ እህል አልበላ አላት።

ሦስተኛውን ይዤ በታክሲ ጎረቤት ከተማ ደማም፣ መዝሩዒያ ሰፈር ሄድኩ። ሹፌሩ በኡርዱ፣ እኔ ባማርኛ ስለ ልጆቻችን ስንጫወት ሰፈሩን አልፈነው ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ መለሰኝ። እዚያ በየሰው ቤት የሚሠሩ አራት የወሎ ልጆች ዓርብ ዓርብ የሚያርፉባት ክፍል አለች።

«እናታችን፣ መጽሐፉ አንድ፣ እኛ አራት» አሉኝ። «ማዳም ደግሞ መች ታስነብባለች?»

«አገራችን ቁርኣን እንዴት ነው የሚኸተመው?» አልኳቸው። ቁርኣኑን ጁዝ ጁዝ ተካፍለው፣ ሁሉም ድርሻውን አንብቦ፣ ባንድ መቀመጫ ያልቅ የለ? ቢላ አስመጣሁ። ጀርባውን ሰንጥቀን አራት ቦታ ከፈልነውና በቢስሚላህ ተካፈሉት።

በሳምንቱ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው አስተያየታቸውን በስልክ ለአሳታሚው ልከው ጠበቁን።

«የመጽሐፉ ልጅ ምስኪን ናት፣ ከእናቷ ጓዳ ወጥታ አታውቅ» አለች የመጀመሪያው ክፍል የደረሳት።

«የምን ጓዳ? ሪያድ ገብታ ልብስ ሰፊ ቀጥራለች» አለች ሁለተኛዋ።

«ኢና ሊላሂ፣ እኔ ጋ ሞታለች። ሳለቅስ ማዳም ‹ምን ሙሽኪላ አለ?› ብላ ከሥራ አሳረፈችኝ» አለች ሦስተኛዋ።

አራተኛዋ ሳቀች። «አንቺ የቀበርሻትን እኔ ድሬያታለሁ።»

«የሞተች ታገባለች?»

«እኔ ምን ላድርግ፤ ሙሽራዋ እሷ ናት።»

ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ሞተች የተባለው በስህተት ነው እኮ፤ በኋላ ትመጣለች። ይሄንኑ ነው የላካችሁለት?»

«ልከናል፣ ኸላስ» አሉ። «ዱዓም ጨምረንበታል።»

«ለቁርኣን ያልከበደ ክፍፍል ላንቺ ከበደሽ?» አልኳት።

«ቁርኣኑንማ ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል፣ እማዬ። የኔን ማን ያውቀዋል?»

በታክሲው እስከ ኾበር ድረስ ስትቆጣኝ ሄደች። ሹፌሩ ራሱ ደንግጦ ሬዲዮውን ዘጋው።

ጥቂት ሰንብቶ አሳታሚው ደወለ። «በብዛት አትማለሁ» አላት። ምረቃውን በስልክ አየነው፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ ነበር። እኔ የልጆቹ ዱዓ ነው ብዬ ስንት ዘመን ስናገር ኖርኩ።

ሁለተኛ መጽሐፏን ስታሳትም ነው ሰውየው እውነቱን ያጫወታት። የመጀመሪያውን ሲቀበላት ያነበበው መግቢያውን ብቻ ነበር። ልጆቹ በላኩለት አስተያየት አንዷ ቀብራ ሌላዋ ስትድር ጊዜ፣ ልጅቷ ሞታለች ወይስ አግብታለች ሲል እንቅልፍ ነስቶት፣ ያን ዕለት ከመደርደሪያ አውርዶ እስከ መጨረሻው አነበበው።