የዓለምፀሐይ ፎርድ

ዓለምፀሐይ በ1995 ኦክላንድ ውስጥ የሆቴል ጽዳት ሥራዋን ትታ ዕቃ ማመላለስ ስትጀምር የነበራት አንድ አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ሶፋውንና ፍራሹን ጭና ሳን ሆዜ ድረስ ታደርሳለች። ሥራው ሞቅ ሲል መኪናው ታመመ። ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። ስሞግ የሚሉትን የመኪና ጭስ ምርመራ ወደቀ፤ ካላለፈ ደግሞ መንገድ አይወጣም።

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ባለታክሲው ጋሽ ሰረቀብርሃን፣ ሥራውን ድሮም አልወደዱትም። ሴት ልጅ ሶፋ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ሰው ምን ይላል ባይ ናቸው። አሁን ምክንያት አገኙ።

"ሴል አድርጊው፣ ሽጪውና ወደ ሆቴልሽ ተመለሺ" አሏት።

ዝም አለች። እሳቸው ዝምታዋን እሺታ አደረጉት።

እሷ ግን ችግሩን ደርሳበታለች። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር አርጅቶ ያፈሳል። ሪችመንድ አሮጌ መኪና የሚፈታበት ግቢ ሄደች። ሻጩ አየርና ቤንዚን የሚያልፍባቸው አራት ጉሮሮዎች ያሉት፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ካርቡራቶር አውጥቶ ጉልበት ይጨምርልሻል አላት። የሷ ሞተር ትንሽ ነው፤ ያን ያህል ጉሮሮ ቤንዚን ያስፈጀዋል እንጂ አያበረታውም። መርማሪዎቹም አይቀበሉትም። ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣውን ዓይነት ባለ ሁለት ጉሮሮ ከተጣለ ሞተር ላይ ፈታ ወሰደች። አጠበችው፤ ማሸጊያዎቹን ቀየረች።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍታ አሮጌውን እንዳወጣች ጋሽ ሰረቀብርሃን መኪና ጎታች ይዘው መጡ። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሊሸጡላት ተስማምተው ኖሯል። ጎታቹ ሰንሰለቱን ሲያወርድ ዓለምፀሐይ ካቻቪቴዋን እንደያዘች ፒክአፑ ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ መኪናው የኔ ነው።"

"ላንቺው ብዬ እኮ ነው።"

"ለኔ ከሆነ ሰውየውን ይመልሱልኝ። ካልሆነ እኔንም አብሮ ይጎትተኝ።"

ጎታቹ አማርኛ ባይሰማም አቋቋሟን አይቶ ሰንሰለቱን ሰበሰበ። ጋሽ ሰረቀብርሃን ሳይሰናበቱ ሄዱ።

አዲሱን ገጥማ ስታስነሳው ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በቀስታ ሲሠራ፣ ይንገዳገዳል። ሁለቱን የቅልቅል ብሎኖች በየተራ ጠበቅ ታደርጋለች፤ ሊጠፋ ሲል ትንሽ መለስ። ድምፁ ሲረጋ ወደ ኤል ሴሪቶ ዳገት አወጣችው። እዚያ ነዳጅ ስትረግጥ ለአፍታ ደንገጥ ይል ነበር፤ ነዳጅ ሲረገጥ ቤንዚን የምትረጨውን ትንሽ ፓምፕ ዘንግ አስተካከለች። ሁለተኛ ስትወጣው ሳያመነታ ወጣ።

ምርመራውን አለፈ። ሰኞ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ጭና ሳንታ ክላራ ወረደች።

ጋሽ ሰረቀብርሃን ወራት ሙሉ ቤቷ አልረገጡም። ከባሏ ወገን የቀሩላት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ከፍቷታል፤ ቢሆንም ይቅርታ ልጠይቅ አላለችም። ለፋሲካ ራሳቸው መጥተው በሉ፣ ጠጡ፤ ስለ ፒክአፑ አንድም ቃል አልወጣቸውም።

በዓመቱ ሁለተኛ መኪና ገዛች፤ ከመጀመሪያውም ያረጀ። ማንንም አላማከረችም።