«ሴትየዋ ግን…»

ልጆቹ ስሟን አያውቁትም፤ እሹሩሩ ነው የሚሏት። ምሳቸውን በልተው ፍራሽ ፍራሻቸው ላይ ሲጋደሙ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ጀርባውን መታ መታ እያደረገች፣ ሌላውን በዓይኗ እየተቆጣች የምታስተኛቸው እሷ ናት። በዚያ መዋዕለ ሕፃናት እሷን በሥራ ዘመን የሚቀድማት የለም። ዛሬ የልጆቻቸውን እጅ ይዘው ከሚያመጡት ወላጆች አንዳንዶቹን ራሳቸውን አስተኝታቸዋለች። መንገድ ላይ ሲያገኟት ግን አያስታውሷትም። ፊቷ እንደዚያ ነው፤ ያየው ሁሉ ዞር ሲል ይረሳዋል። አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ «አንቺ እኮ ሌባ ብትሆኚ ማንም አይይዝሽም ነበር» እያለች ትስቅባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች።

ነገር ያመጣባት የዚህችው እህቷ ልጅ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም ፊልም እንዳለ ያደገ። አንድ ቀን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ካሜራ ተውሶ፣ በራሳቸው ጉልበት አስፈሪ ፊልም ቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ሊለቁ ተነሡ። ታሪኩ ቤት ስለተከራዩ ሙሽሮች ነው። ጓዳው ውስጥ ከእነሱ በፊት የኖረች ሴት አለች፤ ሞታለች፣ ግን ቤቱን አልለቀቀችም። እሷን ልትጫወት የተስማማችው ተዋናይ በቀረጻው ቀን ስልኳን ዘግታ ቀረች።

«አክስቴ፣ አንድ ቃል አትናገሪም፤ መቆም ብቻ ነው» አላት ልጁ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«መቆም ምኑ ያስፈራል?»

«አንቺ ብቻ ቁሚ፤ ማስፈራቱን ለእኛ ተዪው።»

የእህቷን የመስፊያ ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ፊቷን ዱቄት ቀብተው በሩ ላይ አቆሟት። «ሙሽሮቹ ተኝተዋል፣ እያቸው» ተባለች። አየቻቸው። ልጅ የምሩን ተኝቶ እንደሆነ ወይም እያታለላት እንደሆነ ለመለየት በየቀኑ እንደምታየው፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። የእህቷ ልጅ «በቃ» ማለቱን ረሳው። ሙሽራዋ ናት ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና «ኧረ በቃ በሉን!» ያለችው።

ፊልሙ ወጣ። እሹሩሩ መጀመሪያ ላይ ግድም አልሰጣት፤ ሰው ኮሜንት መጻፍ ሲጀምር ነው ነገሩ የተበላሸው። የእህቷ ልጅ ስልኳ ላይ ከፍቶ አሳያት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከእጇ አልወርድ አለ። አውቶቡስ እየጠበቀች ታነባለች። ሩዝ ጥዳ ታነባለች፤ ሩዙ ያራል።

«ድምፁ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው። አንድም ነገር አልሰማሁም።»

«በሩን የሚስበው ገመድ እኮ ይታያል! ሰይጣን ገመድ ከየት አመጣ?»

«ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ፓስታው ብቻ ነው የጎደለው።»

«ባዶ ኪሳቸውን ይህን ያህል መሞከራቸው ራሱ ይደነቃል። በርቱ።»

«ያቃጠላችሁብኝን ጊዜ መልሱልኝ።»

በስድቡም በምስጋናውም መሃል አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣል። «ሴትየዋ ግን…» ይላል ሰው። «ፊልሙ አይረባም፤ ሴትየዋ ግን ከየት ነው ያመጧት?» «ሴትየዋ ግን ተዋናይ አይደለችም፤ አስተያየቷ የእውነት ነው።» «ከሴትየዋ በኋላ ወንድሜን ጠርቼ ነው መብራት ያጠፋሁት።»

ይህን ስታነብ ጆሮዋ ይግላል። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም አይቷት አያውቅም፤ አሁን የማታውቀው ሕዝብ ስለ ዓይኗ ይጨቃጨቃል። ደስ ብሏት እንደሆነ ራሷን ትጠይቅና መልስ ሳታገኝ እንደገና ስልኳን ትከፍታለች። አንዱ ደግሞ «ምኗ ነው የሚያስፈራው? የጎረቤታችንን እናት ነው የምትመስለው» ብሎ ጻፈ። ያ ቀኑን ሙሉ አበሳጫት። እህቷ «እንዴ! መፍራታቸውን ነው የምትፈልጊው ወይስ መውደዳቸውን?» ብትላት፣ ድስቱን በኃይል ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ልጆቹ እንደተኙ፣ «የፊልም አፍቃሪ» የሚል ስም አወጣችና ጻፈች። «ሴትየዋ በጣም ጎበዝ ናት። ወደፊትም ብዙ እንጠብቃለን።» ወዲያው መልስ መጣ። «አንቺ ራስሽ ነሽ እንዴ?» ከሥሩ ሌሎች ሲስቁ አየች። ስልኩን ከተጣጠፉት አንሶላዎች ሥር ወሸቀችው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አንሶላዎቹን ተራ በተራ እያነሣች ትፈልገው ጀመር።

እንዲህ ስትብሰለሰል ነው አንዲት እናት ጠዋት ልጇን ልታደርስ መጥታ በሩ ላይ ያቆመቻት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ንግግሯ የለሰለሰ፣ የተመጠነ ነው። ስልኳን ዘረጋችላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። የእህቴ ልጅ ነው የሠራው። ጨዋታ እኮ ነው።»

«ገባኝ» አለች እናትየዋ። የልጇን እጅ ግን አልለቀቀችም።

ወሬው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግቢውን አዳረሰ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ አስጠራቻት። «ፊልም መሥራት ወንጀል አይደለም» አለች፣ መነጽሯን እየጠረገች። «ግን ግማሹ ወላጅ ያላየውን ነው የሚያወራው። ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቤ አሳያቸዋለሁ፤ አይተው ይናገሩ።»

«እኔም ልምጣ?»

«አንቺማ ዋናዋ ነሽ።»

ቅዳሜ ወላጆች በአዳራሹ የልጆች ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ደርሶ ተቀመጡ። መጋረጃው ተዘጋ። እሹሩሩ ከሁሉም ኋላ ሆነች፤ እጆቿን የት እንደምታስቀምጣቸው ጠፋት።

ገና ሲጀምር ሳቁ። ሙሽራው «ማነው?» ሲል ሳቁ። ገመዱ ሲታይ አንድ ታክሲ ነጂ አባት ወንበሩ እስኪንገዳገድ ተንፈቀፈቀ። ደሙ ሲፈስማ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷን ግን እያንዳንዱ ሳቅ እንደ ጥፊ ሆነባት። ልጁ ያንን ደም ሲያዘጋጅ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ እንደነበር፣ ከሥራው እየሰረቀ፣ ምሳ ሳይበላ እንደቀረጸው ተነሥታ ልትነግራቸው ዳዳት። «ሳቁ እንጂ፣ እስቲ እናንተ ሥሩት» ልትላቸው።

ከዚያ እሷ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ።

ሳቁ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ያ ታክሲ ነጂ «ኧረ ጉድ!» አለ፤ ቀስ ብሎ ነው ታዲያ። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው ዞሮ አያትና፣ እንዳላየ ሆኖ ፈጥኖ ተመለሰ። ከጎኗ ያለችው ወጣት እናት ወንበሯን ትንሽ ሳብ አድርጋ ራቀቻት። እሹሩሩ ልቧ ከበሮ ሆነ። ኩራት ነው ብትል አፈረች፤ ሐዘን ነው ብትል ደግሞ ውሸት ይሆናል።

መብራቱ ሲበራ ሁሉም የፊልም ሐያሲ ሆኖ አረፈው። አንዱ መጀመሪያው ረዘመ አለ፤ አንዷ ሙሽራዋ ማልቀስ አትችልም አለች፤ ታክሲ ነጂው መጨረሻው አልገባኝም ብሎ ድርቅ አለ። ኃላፊዋ ጠረጴዛውን መትታ «ኧረ ወደ ጉዳያችን!» እስክትል ድረስ የመጡበትን ረስተውት ነበር።

ያኔ ፋርማሲ የምትሠራዋ እናት ተነሣች።

«ጥሩ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ» አለች ወደ ኋላ ዞራ። «ልጄም ትወድዎታለች። ግን ልጄን የሚጠብቃት ያ ዓይን መሆኑን ካየሁ በኋላ ሥራ ቦታዬ ላይ ቁጭ ማለት አልችልም።»

«ዓይኑ እኮ ያው ነው፣ ልጄ» አለች እሹሩሩ። «ሁልጊዜም ይሄው ነበር።»

«እሱ ነዋ ያስፈራኝ።»

ብዙዎቹ ትቆይልን አሉ፤ ቆየች። ያቺ እናት ግን ሰኞ ልጇን ሌላ ቦታ አስገባች። እሹሩሩ የሕፃኗን ፍራሽ ከሌሎቹ ጋር ሳትደረድር ጥግ ላይ አቆመችው። በዚያ ሳምንት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ለማስተኛት ሞከረች። ልጆቹ እንደማታያቸው ሲያውቁ ክፍሉን ገበያ አደረጉት፤ አንሶላ እየጎተቱ፣ ትራስ እየወረወሩ። ዞራ አየቻቸው። ተኙ።

የእህቷ ልጅ ስለ ቅዳሜው እስኪሰማ ቸኩሎ ነበር።

«ሳቁ?»

«ሳቁ።»

«የቱ ጋ?»

«ገመዱ ጋ፣ ደሙ ጋ፣ "ማነው?" ሲል።»

«እዚያም ጋ?» ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። «አንቺ ጋስ?»

«እኔ ጋ ዝም አሉ።»

ዘሎ ግንባሯን ሳማት። ገፋ አደረገችው። «አትፈንጭብኝ! አንዲት ሕፃን ሄዳብኛለች።» ሁለተኛ ፊልም ላይ እንድትናገርም ጭምር እንዳሰበ ሲነግራት «ሞቼ ነው! እኔ ከእንግዲህ በር ላይ አልቆምም» አለችው። እህቷም ደገፈቻት።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ወጣት አፈጠጠባት። ቦርሳዋን ከደረቷ አስጠጋች። በመጨረሻ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እማማ፣ እርስዎ… የጓዳዋ ሴት አይደሉም?»

«ነኝ። እንዴት አገኘኸው?»

«እውነቱን ለመናገር አልጨረስኩትም» አለ አፍሮ። «እርስዎ ሲመጡ ዘጋሁት።»

«አስጠልቶህ ነው?»

«አይ! ምን ልበልዎት… እያዩኝ መሰለኝ። እኔን፣ እዚያ ቤቴ ተቀምጬ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ትዝ አይለኝም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ መውረጃዋ ሳይደርስ ወረደች። ሰውን እየገፋች፣ ይቅርታ እያለች፣ ወዴት እንደምትቸኩል ሳታውቅ በፍጥነት ተራመደች። መንገድ ዳር ቆማ ስልኳን አወጣች። ኮሜንት ልታይ አልነበረም።

«ያ ሁለተኛው ፊልም መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች፣ የእህቷ ልጅ ገና «ሃሎ» ከማለቱ።

«አክስቴ! ሞቼ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። መቼ ነው ያልኩህ?»